የገንዘብ ክብርና የሠራተኛው እንጀራ

ገንዘብ የሰው ልጅ ካበጃቸው መሣሪያዎች ሁሉ አንዱ ነው፤ ነገር ግን እንደ ማረሻና እንደ መዶሻ በእጅ ተይዞ ሲሠራበት ብቻ የሚታይ መሣሪያ አይደለም። ገንዘብ ሚዛን ነው፤ የአንዱ ድካም ከሌላው ድካም ጋር የሚመዘንበት፥ የዛሬው ላብ ለነገው እንጀራ የሚቀመጥበት ነው። ይህ ሚዛን የተዛባ እንደ ሆነ ሻጭና ገዢ፥ አበዳሪና ተበዳሪ፥ አሠሪና ሠራተኛ ሁሉ ይጣላሉ። ስለዚህ የገንዘብን ዋጋ ጠብቆ ማቆየት ለአንድ መንግሥት ትልቅ ግዴታ ነው። ነገር ግን መንግሥት ከዚህ የማያንስ ሌላም ግዴታ አለበት፤ ይኸውም መሥራት የሚችለው ሰው ሥራ እንዳያጣ፥ መሥራት የማይችለውም ሽማግሌ፥ ሕመምተኛና ወላጅ አልባ ሕፃን ተጥሎ እንዳይቀር መጠበቅ ነው።

እነዚህ ሁለት ግዴታዎች በደኅና ቀን እንደ ጥማድ በሬዎች አንዱን ቀንበር ተሸክመው አብረው ያርሳሉ። ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ግን አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ይጎትታል። በዚያን ጊዜ አንዱን በሬ ብቻ እያየ የሚያርስ ገበሬ ትልሙ ይጣመምበታል፤ ማረሻውም ይሰበርበታል።

በአስተማሪነት በኖርሁባቸው ዓመታት የነገሥታትን ጦርነት ለመስማት የሚጓጓ ተማሪ ብዙ፥ የዳቦ ዋጋ ለምን እንደ ወጣና እንደ ወረደ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነበር። ሆኖም የብዙ ሕዝብ ዕድል የተወሰነው በጦር ሜዳ ላይ ብቻ ሳይሆን፥ ጥቂት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በተነጋገሩበት በባንክ ጠረጴዛ ዙሪያም ነው። ስለዚህ ለእናንተ ለወጣቶች አንባቢዎቼ የኤውሮፓ ሕዝቦች ባለፉት መቶ ዓመታት እነዚህን ሁለት ግዴታዎች ለማስታረቅ እንዴት እንደ ደከሙ፥ የት እንደ ወደቁና የት እንደ ቀናቸው ልነግራችሁ አስቤአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የነገሩን መሠረት ማወቅ ያስፈልጋል። አያቶቻችን በአሞሌ ጨውና በጠገራ ብር ይገበያዩ በነበረበት ዘመን ገንዘቡ በራሱ ዋጋ ያለው ነገር ነበር። አሞሌው ወጥ ያጣፍጣል፤ በቪየና ከተማ ይሠራ የነበረው የማርያ ትሬዛ ጠገራም ቢቀልጥ ያው ብር ነው። የወረቀት ገንዘብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ወረቀቱ አይበላም፥ ቢቃጠልም አመድ እንጂ ሌላ አይተርፈውም፤ ዋጋው የቆመው በቃል ኪዳን ላይ ብቻ ነው። ቃሉን የሰጠው መንግሥት ነው፤ ቃሉ እንዳይፈርስ የሚጠብቀው ደግሞ ማዕከላዊ ባንክ ነው። ይህም ባንክ ዋነኛ መሣሪያው ወለድ ነው።

ባንኩ ወለድን ከፍ ሲያደርግ ብድር ይወደዳል። ያን ጊዜ ነጋዴው መጋዘን ማሠራቱን፥ ፋብሪካው አዲስ መኪና መግዛቱን፥ ቤት ሠሪው መሠረት መጣሉን ያቆያል። ገበያው ይበርዳል፤ ዋጋም ይረጋል። ነገር ግን ያ ሳይሠራ የቀረው መጋዘን ግንበኛና አናጢ ያስፈልገው ነበር፤ እነርሱም ልጆች አሏቸው። ባንኩ ወለድን ዝቅ ሲያደርግ ደግሞ ግንበኛው ሥራ ያገኛል፤ ልኩ ካለፈ ግን ብዙ ገንዘብ ጥቂት ዕቃ እያሳደደ ዋጋ ይንራል፤ የግንበኛውም ደመወዝ በኪሱ ውስጥ እንዳለ ይሟሟል። እንግዲህ የነገሩ ችግር ይህ ነው፤ ሁለቱም መንገዶች የሚያልፉት በድኻው ደጃፍ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ፥ «መንግሥት ገንዘብ የማተም ሥልጣን ካለው ለድኾች ሁሉ አትሞ ለምን አይሰጣቸውም?» ሲል ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ እኔ ግን ጥያቄው የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ከእርሱ በፊት ታላላቅ መንግሥታት ወደዚሁ ሐሳብ ገብተውበታልና። መልሱን ከጀርመን ታሪክ ሰጠሁት።

ጀርመን ከ1914 እስከ 1918 አንደኛውን የዓለም ጦርነት ስትዋጋ ለወጪው የተማመነችው ከግብር ይልቅ በብድር ነበር። ከተሸነፈችም በኋላ ድል አድራጊዎቹ በ1921 የ132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ካሣ ወሰኑባት። በጃንዋሪ 1923 የፈረንሳይና የቤልጂግ ወታደሮች «ካሣው በጊዜው አልተከፈለም» በማለት የድንጋይ ከሰልና የብረት አገር የሆነውን የሩርን አውራጃ ያዙ። የጀርመን መንግሥትም የሩር ሠራተኞች ሥራ አቁመው ወራሪውን እንዲቃወሙ አደረገ፤ ሥራ ፈተው ለተቀመጡትም የሚከፍለውን ለማግኘት የማተሚያ መኪናዎችን ሌት ከቀን አሠራ።

ከጦርነቱ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር የሚመነዘረው በ4.2 ማርክ ነበር። በኖቬምበር 1923 ግን ያው አንድ ዶላር 4,200,000,000,000 ማርክ ሆነ። ሠራተኛው ደመወዙን በቀን ሁለት ጊዜ እየተቀበለ፥ ዋጋው ሳይጨምርበት ዳቦ ለመግዛት ይሮጥ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ለሽምግልናው ያጠራቀመ አስተማሪ፥ ባሏ ሞቶባት በመንግሥት የብድር ሰነድ ወለድ የምትተዳደር ሴት፥ ሀብታቸው አንድ ዳቦ የማይገዛ ወረቀት ሆኖ ቀረ። በአንጻሩ ብዙ ተበድሮ መሬትና ፋብሪካ የገዛ ሰው ዕዳውን በዚያው ከንቱ ወረቀት ከፍሎ ተገላገለ። ልብ አድርጉ፤ ሀብቱ ከምድር አልጠፋም፤ ከቆጣቢው እጅ ወጥቶ ወደ ባለ ዕዳው እጅ ገባ እንጂ።

ደግሞም የሚያስገርመው፥ ራይኽስባንክ የተባለው የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ በ1922 በወጣው ሕግ መሠረት ከመንግሥት ትእዛዝ ነፃ ነበር። የባንኩ ገዥ ሩዶልፍ ሀቨንስታይንም አገራቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩ። የባንኩ ነፃነት በሕግ ላይ ተጽፎ ሳለ መኪናዎቹ አልቆሙም። ከዚህም ሕግ ብቻውን ጠባቂ እንደማይሆንና፥ ሕጉን የያዘው ሰው ማስተዋልና ጽናት እንደሚያስፈልገው እንረዳለን።

በኖቬምበር 15 ቀን 1923 ሬንተንማርክ የሚባል አዲስ ገንዘብ ወጣ፤ አንዱም በ1,000,000,000,000 አሮጌ ማርክ ተመነዘረ። አዲሱን ገንዘብ ያጸናው ስሙ ወይም ቀለሙ አይደለም፤ መንግሥት ከባንኩ ያለ ልክ መበደሩን ማቆሙ ነው። ለዚህም ሲባል ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ከሥራቸው ተሰናበቱ። ለዚያ ተማሪ የሰጠሁት መልስ እንግዲህ ይህ ነበር፤ ያለ ልክ የታተመ ገንዘብ ለድኻው የተሰጠ ይመስላል፤ በማግስቱ ግን ከድኻው መሶብ ተመልሶ ይወሰዳል።

ከዚህ ተነሥቶ፥ «እንግዲያው የገንዘብን ክብር ብቻ እንጠብቅ፤ ሌላው ሁሉ በራሱ ጊዜ ይከተላል» የሚል ሰው ይኖራል። ለእርሱ ደግሞ የእንግሊዝን ታሪክ አቀርብለታለሁ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የእንግሊዝ ፓውንድ በወርቅ የሚመነዘር ሲሆን ዋጋውም 4.86 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በጦርነቱ ምክንያት ይህ ሥርዓት ተቋርጦ ፓውንድ ከዱሮው ዋጋው ወረደ። በኤፕሪል 1925 የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ዊንስተን ቸርችል ፓውንድ በዱሮው ዋጋው ወደ ወርቅ እንዲመለስ ወሰኑ። የእንግሊዝ ባንክ ገዥ ሞንታጉ ኖርማንም ይህንን አጥብቀው የሚሹ ሰው ነበሩ። ሐሳቡ በክፋት የመጣ አልነበረም። ገንዘቡን አምኖ ለእንግሊዝ ያበደረ ሰው በዚያው ባበደረበት ዋጋ ሊመለስለት ይገባል፤ የአገር ክብርም ይህ ነው፤ ብለው ያምኑ ነበር።

ይሁን እንጂ ፓውንድ ከፍ ባለ ጊዜ የእንግሊዝ ዕቃ በውጭ አገር ገበያ ተወደደ። ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው የድንጋይ ከሰል ነበር። የከሰሉን ዋጋ ለማውረድ ባለቤቶቹ ያገኙት መንገድ የቆፋሪዎቹን ደመወዝ መቀነስና የሥራውን ሰዓት ማራዘም ሆነ። ጆን ሜይናርድ ኬይንስ የሚባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቅ በዚያው ዓመት ባሳተሙት አነስተኛ መጽሐፍ የዚህ ውሳኔ ሸክም በከሰል ቆፋሪዎች ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ አስጠንቅቀው ነበር፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። በሜይ 1926 ከቆፋሪዎቹ ጋር በመተባበር የሌላው ሥራ ሠራተኞችም ጠቅላላ አድማ አደረጉ። አድማው በዘጠኝ ቀን ተፈታ፤ ቆፋሪዎቹ ግን ለብቻቸው ወራት ቆይተው ረኃብ ሲያሸንፋቸው፥ ባነሰ ደመወዝና በረዘመ ሰዓት ወደ ጉድጓዳቸው ተመለሱ።

ታዲያ ይህ ሁሉ መሥዋዕት የተከፈለለት ነገር ስንት ዓመት ቆየ? ስድስት ዓመት ብቻ። በ1931 የዓለም ገንዘብ በታወከ ጊዜ ፓውንድን ለማዳን ሲባል ለሥራ አጦች ከሚሰጠው አበል ላይ 10 በመቶ ይቀነስ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ በዚሁም ምክንያት ሚኒስትሮቹ ተለያይተው በኦገስት ወር የሠራተኞች ፓርቲ መንግሥት ወደቀ። የተተካው መንግሥትም አበሉን ቀነሰ፤ ሆኖም በሴፕቴምበር 21 ቀን 1931 እንግሊዝ ራሷ የወርቁን ሥርዓት ተወችው። ሰማይ አልተደፋም። እንዲያውም በ1932 የባንኩ ወለድ ወደ 2 በመቶ ወርዶ ቤት መሥራት በየከተማው ተስፋፋ፤ ብዙ ሰውም ሥራ አገኘ።

ነገር ግን ወለድ ማውረድ ብቻውን ሁሉን አላዳነም። ጃሮ በምትባል በሰሜን እንግሊዝ በምትገኝ ከተማ የመርከብ መሥሪያው ተዘግቶ አብዛኛው ሠራተኛ ሥራ ፈት ሆኖ ነበር። በኦክቶበር 1936 ከዚያች ከተማ 200 ሰዎች አቤቱታቸውን በሣጥን ይዘው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጉዘው ለንደን ገቡ። የለመኑት ምጽዋት ሳይሆን ሥራ ነበር። ርካሽ ብድር ተበዳሪ ላለው ቦታ ይጠቅማል፤ ፋብሪካው ለሞተበት ከተማ ግን ከባንክ ሌላ የመንግሥት እጅ ያስፈልገው ነበር።

አሁን ወደ ጀርመን እንመለስ፤ የታሪኩ መራራ ክፍል ያለው በዚህ ነውና። ጀርመን ማኅበራዊ ዋስትናን በሕግ በማቋቋም ከኤውሮፓ መንግሥታት ቀዳሚ ነበረች። በቢስማርክ ዘመን በ1883 የሕመም፥ በ1884 የአደጋ፥ በ1889 የእርጅና ዋስትና ተደንግጓል። በ1927 ደግሞ የሥራ አጦች ዋስትና ተጨመረ። ከ1929 በኋላ ግን የዓለም ገበያ ተሰበረ፤ የአሜሪካም ብድር ደረቀ። ሥራ አጡ በበዛ ጊዜ የዋስትናው ገንዘብ አልበቃ አለ። ጉድለቱን አሠሪዎች ይሙሉት ወይስ ሠራተኞች በሚለው ክርክር ምክንያት በማርች 1930 የሄርማን ሙለር መንግሥት ፈረሰ። አስተውሉ፤ የጠቡ መነሻ በጣም ጥቂት የሆነ የመዋጮ ልዩነት ነበር። ጥቂቱን መካፈል ያቃታቸው ሰዎች በኋላ ሁሉን አጡ።

በእርሳቸው እግር የተተኩት ሃይንሪኽ ብሩኒንግ ጠንቃቃና ቁጥብ ሰው ነበሩ። የሕዝብ እንደራሴዎች ስምምነት ሲያጡ በፕሬዚዳንቱ ፊርማ በሚወጣ አስቸኳይ ድንጋጌ ያስተዳድሩ ጀመር። ግብር ጨመሩ፤ የመንግሥት ሠራተኞችን ደመወዝ፥ የጡረተኞችንና የሥራ አጦችን አበል ቀነሱ፤ በዲሴምበር 1931ም የሠራተኞች ደመወዝ ባጠቃላይ እንዲቀነስ አዘዙ። ይህን ያደረጉት ምክንያት ሳይኖራቸው አይደለም። የጦር ካሣው ነበረ፤ የውጭ አበዳሪዎች ነበሩ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የ1923 መዓት በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ ነበረ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፥ ገንዘብ ትንሽ ላላ ይበል ያለ ሁሉ የዚያን ዘመን ወረቀት ሊመልስ እንደሚፈልግ ተቈጠረ። በ1932 መጀመሪያ የተመዘገቡት ሥራ አጦች ቊጥር ከ6 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

ብዙ ሰዎች ሂትለርን ወደ ሥልጣን ያመጣው የ1923ቱ የገንዘብ መውደቅ ነው ሲሉ ይሰማል። የዓመታቱን ተራ ስንመለከት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ገንዘቡ ከወደቀ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1928 በተደረገው ምርጫ የሂትለር ፓርቲ ያገኘው 12 መቀመጫ ብቻ ነበር። ሥራ አጥነት በበረታ ጊዜ በሴፕቴምበር 1930 መቀመጫው 107 ሆነ፤ በጁላይ 1932 ደግሞ 230 ደረሰ። በጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ሂትለር ቻንስለር ተባለ። እርግጥ የዚህ ክፉ ነገር ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ የሽንፈት ቂም፥ የዘር ጥላቻ፥ የትልልቆቹ ሰዎች ተንኰልም ነበረበት። የ1923 መዓትም ቆጣቢውን ሕዝብ አቊስሎት ነበር። ነገር ግን በሩን የከፈተው የቅርቡ ሥራ ማጣት ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። መንግሥት የትናንቱን እሳት ሲሸሽ ዛሬ በጎርፍ ተወሰደ። የማርኩ ዋጋ ተጠበቀ፤ ማርኩን የሚይዘው እጅ ግን ባዶውን ቀረ። ባዶ እጅ ደግሞ የሚጨብጠውን ሲያጣ ዱላ ይጨብጣል።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ አልነበረምን? ነበረ። ስዊድን በሴፕቴምበር 1931 እንደ እንግሊዝ የወርቁን ሥርዓት ትታ፥ ማዕከላዊ ባንኳ ከእንግዲህ ወዲህ በአገር ውስጥ ያለውን የዋጋ ደረጃ አረጋግቶ መያዝን ዓላማው እንዲያደርግ ወሰነች። ልዩነቱን አስተውሉ፤ ገንዘቡ የተጠበቀው ለወርቅ ክብር ሳይሆን በገበያ ለሚገዛና ለሚሸጥ ሰው ነው። በ1932 ፔር አልቢን ሃንሶን ጠቅላይ ሚኒስትር፥ ኤርንስት ቪግፎሽ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በ1933 የሠራተኞቹ ፓርቲ ከገበሬዎቹ ፓርቲ ጋር ስምምነት አደረገ፤ ስዊድኖችም ይህን ስምምነት «የላም ንግድ» ይሉታል። ሠራተኞቹ የገበሬው እህልና ቅቤ ዋጋ በመንግሥት እንዲደገፍ፥ ገበሬዎቹም ለሥራ አጦች በሚከፈተው የመንግሥት ሥራ ሙሉ የገበያ ደመወዝ እንዲከፈል ፈቀዱ። በ1938 ደግሞ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ማኅበራት ሳልትሾባደን በምትባል ቦታ ተቀምጠው ደመወዝን በጠብ ሳይሆን በድርድር ለመወሰን ተስማሙ። ስዊድንን የረዳት የገንዘቧ መርከስና ለውጭ አገር የምትሸጠው እንጨትና የብረት ማዕድን ጭምር መሆኑ አይካድም። ሆኖም የጀርመን ሚኒስትሮች በጥቂት መዋጮ ተጣልተው መንግሥታቸውን ሲያፈርሱ፥ እነዚህ ላም እንደሚሻሻጡ ባላገሮች ትንሽ ሰጥቶ ትንሽ መቀበልን ማወቃቸው አገራቸውን ጠቀመ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ ኤውሮፓ ከዚህ ትምህርት ለመውሰድ ጀመረች። በዲሴምበር 1942 ዊልያም ቤቨሪጅ የተባሉት እንግሊዛዊ ስለ ማኅበራዊ ዋስትና ያቀረቡት ጥናት አምስት ጠላቶችን ቈጠረ፤ እነዚህም ችጋር፥ በሽታ፥ ድንቊርና፥ የተጐሳቈለ መኖሪያና ሥራ ፈትነት ናቸው። በ1944 የእንግሊዝ መንግሥት ከፍ ያለና የማይናወጥ የሥራ ዕድል እንዲኖር መጣርን እንደ ግዴታው ተቀበለ። በጁላይ 1948 ደግሞ ሰው ሁሉ በሐኪም ቤት በነፃ የሚታከምበት አገልግሎት ተከፈተ።

ምዕራብ ጀርመን በበኩሏ በጁን 20 ቀን 1948 ዶይች ማርክ የሚባል አዲስ ገንዘብ አወጣች። በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሰው 40 ማርክ ታደለው። ሉድቪግ ኤርሃርድ የብዙውን ዕቃ የዋጋ ቊጥጥር ወዲያውኑ አነሡ፤ ተደብቆ የነበረውም ዕቃ በሱቆች መስታወት ውስጥ ታየ። ነገር ግን ዋጋው ከደመወዙ ቀድሞ ሮጠ፤ ሥራ አጡም በዛ። በኖቬምበር 12 ቀን 1948 ሠራተኞች የአንድ ቀን አድማ አደረጉ። ምስጋና የሚገባው ሥራ እንኳ ሳያስለቅስ አያልፍም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሊታወስ ይገባዋል። በ1956 የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ባስወደደ ጊዜ ቻንስለሩ ኮንራድ አደናወር በኮሎኝ ከተማ በአደባባይ ተነሥተው ጉዳቱ በትንንሾቹ ሰዎች ላይ ይወድቃል ሲሉ ባንኩን ወቀሱ። ባንኩ ግን ውሳኔውን አልለወጠም። በሚከተለው ዓመት በ1957 ሁለት ሕጎች ወጡ። አንደኛው ቡንደስባንክ የሚባለውን ማዕከላዊ ባንክ ከመንግሥት ትእዛዝ ነፃ አድርጎ አቋቋመው። ሁለተኛው የጡረታ አበል የሠራተኛው ደመወዝ እያደገ ሲሄድ አብሮ እንዲያድግ ወሰነ። አንዱ ሕግ ገንዘቡን ከሚኒስትሩ እጅ ጠበቀው፤ ሌላው ሽማግሌውን ከድኽነት ጠበቀው። እኔ ይህን ዓመት የማየው በሬዎቹ አንድ ቀንበር የተሸከሙበት ዓመት አድርጌ ነው።

ነገር ግን ሰው በተመቸው ጊዜ የሚዛኑን አንድ ወገን ይረሳል። ከ1973 ጀምሮ የነዳጅ ዘይት ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል ሲወጣ፥ የዋጋ ንረትና ሥራ አጥነት በአንድነት መጡ። ገንዘብ ጨምሮ በማፍሰስ ሥራን ሁልጊዜ መግዛት ይቻላል ብለው ያስቡ የነበሩ ሰዎች መልስ አጡ። በእንግሊዝ አገር በ1975 የዋጋው ዕድገት በዓመት 24 በመቶ ያህል ደረሰ፤ በ1976 መንግሥቱ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ለመበደር ተገደደ። ከ1979 በኋላ ማርጋሬት ታቸር ወለድን አስወድደው የመንግሥትንም ወጪ ጨብጠው ዋጋውን አወረዱት፤ በ1982 ግን የሥራ አጦች ቊጥር ከ3 ሚሊዮን አለፈ። በከሰልና በብረት ይተዳደሩ የነበሩ ከተሞች ከዚያ ጉዳት ለማገገም ብዙ ዓመት ፈጀባቸው። የዋጋውን በሽታ ማከም ተገቢ ነበር፤ የመድኃኒቱን ምሬት ግን ሁሉም እኩል አልጠጣውም።

በመጨረሻም የኤውሮፓ መንግሥታት በ1992 በማስትሪኽት ከተማ በፈረሙት ውል አንድ ገንዘብ እንዲኖራቸው ተስማሙ። የኤውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በ1998 ተቋቋመ፤ ኤውሮም በ1999 ተጀመረ። ውሉ የባንኩ ቀዳሚ ዓላማ የዋጋ መረጋጋት እንደሆነ፥ ይህን ሳይጎዳ ግን ሌላውን የኅብረቱን ዓላማ እንዲደግፍ ያዛል፤ ከዓላማዎቹም መካከል ሰው ሁሉ ሥራ ማግኘቱና ማኅበራዊ ዕድገት ይገኙበታል። ነገር ግን ገንዘቡ አንድ ሲሆን የመንግሥታቱ ካዝና ግን ለየብቻ ቀረ።

የዚህም ጉድለት በግሪክ አገር ተገለጠ። የግሪክ መንግሥት ከአቅሙ በላይ ተበድሮ፥ ጉድለቱንም አሳንሶ ሲያስታውቅ ቆይቶ በ2010 መክፈል አቃተው። የኤውሮፓ መንግሥታትና የዓለም የገንዘብ ድርጅት 110 ቢሊዮን ኤውሮ ለማበደር ተስማሙ፤ በምትኩም ደመወዝና ጡረታ እንዲቀነስ፥ ግብር እንዲጨመር ጠየቁ። የራሷ ገንዘብ ስለሌላት እንደ 1931ቷ እንግሊዝ ዋጋውን ዝቅ ልታደርግ አልቻለችም። በ2013 ከመቶ ግሪካውያን ሠራተኞች 27ቱ ያህል ሥራ አጥ ነበሩ፤ ሥራ ከሚፈልጉት ወጣቶች ደግሞ ከግማሽ በላይ የሆኑት ሥራ አላገኙም። የተማሩት ልጆች ወደ ጀርመንና ወደ ሌላ አገር ተሰደዱ። ያላቸውም ዕዳ፥ ሌሎች ሲፈራረሙት ገና ልጆች የነበሩበት ዕዳ ነው። በጁላይ 2012 የባንኩ ፕሬዚዳንት ማሪዮ ድራጊ ኤውሮን ለማዳን በሥልጣናቸው ያለውን ሁሉ እንደሚያደርጉ ባስታወቁ ጊዜ የብድሩ ገበያ ጸጥ አለ። ብዙ ሰው ግን ይህ ቃል ከሁለት ዓመት በፊት ቢነገር ኖሮ ስንቱ ሰው ከሥራው ባልወጣ ነበር ብሎ ይጠይቃል።

በ2020 የኮሮና በሽታ በመጣ ጊዜ የተሻለ ነገር ታየ። የኤውሮፓ ኅብረት ሠራተኞች ከሥራቸው ሳይባረሩ በአነስተኛ ሰዓት እንዲቆዩ ለመንግሥታት እስከ 100 ቢሊዮን ኤውሮ የሚደርስ ብድር አዘጋጀ። በ2022 ደግሞ ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ጊዜ የነዳጅና የምግብ ዋጋ ሰማይ ወጣ፤ በኦክቶበር ወር የኤውሮ አገሮች የዋጋ ንረት 10.6 በመቶ ደረሰ። ባንኩ ከዜሮ በታች የነበረውን ወለድ እስከ ሴፕቴምበር 2023 ድረስ ወደ 4 በመቶ አወጣው። በዚህ ጊዜ መንግሥታት ለችግረኛው የመብራትና የማሞቂያ ድጎማ ሰጡ፤ ዋጋውም ወረደ፤ ሥራ አጡም እንደ ዱሮው አልበዛም። ዕድልም ረድቷቸዋል፤ ቢሆንም ያለፈውን ያነበበ ሰው ካላነበበው ይልቅ ቀስ ብሎ ይራመዳል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ምን እንማራለን? በመጀመሪያ፥ ያለ ልክ ገንዘብ ማተም በሐሰተኛ ሚዛን እንደ መሸጥ ነው፤ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ቆጥቦ የኖረው ትሑት ሰው ነው። ሁለተኛ፥ የገንዘብን ክብር ለመጠበቅ ሲባል የሠራተኛውን እንጀራ መንጠቅ የበለጠ ቅድስና አይደለም፤ የ1925 ፓውንድና የ1931 ማርክ ምስክሮች ናቸው። ሦስተኛ፥ ባንክ ብቻውን ሁሉን ማድረግ አይችልም። ወለድ ዋጋን ሊያረጋ ይችላል፤ የተዘጋ የመርከብ መሥሪያን ግን አይከፍትም፥ ሕመምተኛንም አያሳክምም። ለዚህ የሕዝብ እንደራሴዎች፥ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ማኅበራት ተቀምጠው መነጋገር አለባቸው። አራተኛውና ዋናው፥ በማንኛውም የገንዘብ ውሳኔ ሸክም አለ፤ ሸክሙን ማን እንደሚሸከመው አስቀድሞ ሳይጠይቅ የሚወስን ሰው ብልህ ሊሆን ይችላል፥ ጻድቅ ግን ሊሆን አይችልም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል፤ አባቶቻችን ይህን ሲተርቱ የባንክ ትምህርት አልነበራቸውም፤ የማካፈልን ነገር ግን ያውቁት ነበር።

ከእናንተ መካከል አንዳንዱ ነገ በሒሳብ ቤት፥ በባንክ ወይም በምክር ቤት ይቀመጣል። በፊቱ የሚቀርበው ወረቀት በቊጥር የተሞላ ነው፤ ቊጥር ደግሞ አያለቅስም። ከመቶው 27 ተብሎ የተጻፈውን ስታነቡ አንድ ጊዜ ቆም በሉና፥ ያ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ልጁ ምን እንደምትጠይቀው አስቡ። በሌላው ዓምድ ደግሞ የዋጋ ንረት ተብሎ የተጻፈውን ስታነቡ በጡረታ የምትኖረውን አሮጊት አስቡ፤ እርስዋም ባለፈው ወር የገዛችውን ዱቄት በዚህ ወር መግዛት አቅቷታል። ሁለቱንም ሰዎች ሳትረሱ ብዕራችሁን አንሡና ፈርሙ።